ቁጥር አንድ አይጠይቅም

ፊቷን ታጥባ ስትመለስ በመኝታ ቤቷ በር ላይ፣ ቁልፉ በነበረበት ቦታ፣ ባዶ ቀዳዳ ጠበቃት። እጀታው በቦታው አለ፤ የሌለው ከእጀታው በታች የነበረው፣ ማታ ማታ ሁለት ጊዜ ዞሮ ቀጭ የሚለው ነገር ነው። አራቱ ብሎኖች መተላለፊያው ላይ ባለው መደርደሪያ በመስመር ተሰድረዋል። ፎጣዋን እንደጨበጠች ጎንበስ ብላ በቀዳዳው አጮለቀች። የወንድሟ ሚስት የካውያ ጠረጴዛዋን በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ዘርግታ የባሏን ሸሚዝ ኮሌታ ታቃናለች። ሰው የራሱን ክፍል በቀዳዳ ሲያጮልቅ ምን ይባላል? ስም ያልወጣለት ነውር ሳይሆን አይቀርም። በሩን ገፋ ስታደርገው ሴትየዋ ቀና አለችና፣ «ኧረ ግቢ እታለም! ደግሞ በገዛ ክፍልሽ!» አለቻት።

ነገሩ የሶኬት ነው ይባላል። በቤቱ ውስጥ ካውያ ሲሰካበት ብልጭ የማይለው ሶኬት ያለው እዚህ ክፍል ብቻ ነው። ወንድሟ የመኪና መለዋወጫ ሱቁን ዘግቶ፣ «እስክንቋቋም ነው» ብሎ ከነሚስቱ አባታቸው ቤት ከገባ ወዲህ፣ የዚህ ክፍል ጥቅም በየጊዜው እየተገለጠ ሄዷል። መስኮቱ ወደ ፀሐይ ስለሚዞር ልብስ ይደርቅበታል። ቁም ሳጥኑ ጥልቅ ስለሆነ ትርፍ ብርድ ልብስ ይቀመጥበታል። አልጋው ግድግዳውን ስለተጠጋ ስልክ የሚያወራ ሰው ይደገፍበታል። ሁሉም ለክፍሉ ሥራ አግኝቶለታል፤ እሷ ግን የምትተኛበት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ወደ ሥራ ስትሄድ ቆልፋ መውጣት ጀመረች። ማንም ምንም አላላትም። በዚህ ቤት ምንም አለመባል ማለት ነገሩ እየታሰበበት ነው ማለት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ታስቦ ማለቁ ነው።

ለቁርስ ዳቦና ሻይ ቀርቧል። አባቷ በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ዳቧቸውን ሻዩ ውስጥ ይነክራሉ። ወንድሟ ገና የካውያው ሙቀት ያልወጣለትን ሸሚዝ ለብሶ መጣ። «ማን ነው የነቀለው?» አለች፣ ማንንም ሳታይ። አባቷ ሻያቸውን አዩ። የወንድሟ ሚስት ባሏን አየች። ባል ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቢነቀልስ? ሰው በገዛ ወንድሙ ላይ ይቆልፋል? ሌባ ነን እንዴ እኛ?» አለ።

«ሌባማ አንድ ጊዜ ገብቶ ይወጣል፣ ወንድም ጋሼ።»

የወንድሟ ሚስት ሻዩን እየጠጣች ሳቋ አምልጧት ትን አላት፤ ባሏ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። አባቷ፣ «ሻዩ ቀዘቀዘ» አሉ። እሳቸው በጠረጴዛ ላይ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚቀዘቅዝ ሻይ አላቸው። ልጅቱ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ሴት «ልጅቱ» ማለት ተገቢ ላይሆን ይችላል፤ ግን ቤት ውስጥ ስሟ ይኸው ነው፤ ያላገባ ሰው በአባቱ ቤት አያረጅም፣ ይሻግታል እንጂ፣ ትላለች እሷ ራሷ።

የምትሠራው ለጡረተኞች አበል በሚከፍል መሥሪያ ቤት፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ከግማሾቹ ሠራተኞች በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ኮምፒውተር አለ። ሽማግሌው ይሉታል። እሷ ደግሞ የሽማግሌው ሚስት ተብላለች፤ ምክንያቱም አሴምብለር በሚባለው፣ ማሽኑን እርምጃ በእርምጃ እጁን ይዞ በሚያስኬደው ቋንቋ ከእሷ በቀር የሚያነጋግረው ስለሌለ ነው። ቅጽል ስሙን የሰጧት ለፌዝ ነበር፤ እሷ ግን አልከፋትም። ከሽማግሌው ጋር ያላት ትዳር ከምታውቃቸው ትዳሮች ሁሉ የተሻለ ነው፤ የማይገባውን ነገር ገብቶኛል አይልም፣ ያኮረፈበትን ምክንያትም በቁጥር ጽፎ ይሰጣታል።

ኃላፊው ጃኬቷን ሳታወልቅ ደረሰባት። ከእሷ በዕድሜ ያንሳል፤ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲያስቸግር እንኳን ወንበር ስቦ ተቀምጦ ነው። ከሰዓት የቦርዱ አባላት ይመጣሉ፤ አዲሱ የሪፖርት ፕሮግራም ደግሞ የጡረተኞቹን መዝገብ ማንበብ አልቻለም፤ ልግባ ሲል ማሽኑ ይመልሰዋል። በሽማግሌው ሆድ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቤት አለው፤ የሙያው ሰዎች የአድራሻ ክልል ይሉታል። አንዱ ሌላው ቤት ዘው እንዳይል ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ እንግዳው የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፣ ባለቤቱ ደግሞ በራሱ ሰሌዳ ላይ «ይህ ቁጥር ይግባ» ብሎ መጻፍ አለበት። ቁጥር ይዞ ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ፣ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ዜሮ የተሰጠው የትም አይገባም። አንድ የተሰጠው ግን ማንንም ሳይጠይቅ በሁሉም ቤት ይገባል፤ ሽማግሌው ገና ሲነሣ በየቤቱ ሰሌዳ ላይ አንድን አስቀድሞ ጽፎ ነው የሚነሣው።

«አንድ ስጪውና እንገላገል» አለ ኃላፊው። «ለዛሬ ብቻ። ነገ ትቀይሪዋለሽ።»

«አለቃ፣ ለዛሬ ብቻ ብሎ የገባ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።»

ኃላፊው ጥቂት አያትና፣ «ስለ ፕሮግራሙ ነው አይደል የምናወራው?» አለ። «ስለሱ ነው» አለችው። እስከ ስምንት ሰዓት ካደረሰች በፈለገችው መንገድ ትሥራው ብሎ ወንበሩን መልሶ ሄደ። ሽማግሌውን ያልተያዘ ቁጥር ጠየቀችው፤ ሰባትን ሰጣት። ሰባት የማይታወቅ፣ ትሑት ቁጥር ነው፤ ባለቤት ካልፈቀደለት የትም አይደርስም። ደስ አላት። ቀሪውን ከምሳ በኋላ ልትጽፈው ተወችው፤ ምክንያቱም በምሳ ሰዓት የሚከራይ ክፍል ልታይ ቀጠሮ ይዛ ነበር።

አከራይዋን የጠቆመቻት የማሽን ክፍሉ ኦፕሬተር ናት፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወሬ የምታቀብልበትን ያህል ቁም ነገርም የምታቀብል ጓደኛዋ። ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ንጽሕና ሱቁ በላይ ነው። አከራይዋ ጡረታ የወጡ የስፌት አስተማሪ ናቸው፤ መርፌ አንገታቸው ሥር፣ ኮታቸው ላይ ሰክተው ረስተውታል። ደረጃውን እየቀደሙ ወጡና የሚከራየው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ቆመው አንኳኩ። ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ መክፈቻውን አስገብተው ከፈቱ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል፣ ጥግ ላይ ከግድግዳ የወጣ ቧንቧ።

«እትዬ፣ ሰው አለ እንዴ?» አለች፣ ወደ ውስጥ ሳትገባ።

«የለም። ልማድ ነው» አሉ አከራይዋ። «ሰው ቢኖርስ ብዬ ሳይሆን፣ እጄ እንዳይረሳ ብዬ ነው። ክፍሉ ይሄው ነው። ማታ ከታች እንፋሎት ሲለቁ ወለሉ ይሞቃል፤ ለሱ አላስከፍልም። አንዱ መክፈቻ እኔ ጋ ይቀራል፣ ቧንቧ ቢፈነዳ።»

«ፈንድቶ ያውቃል?»

«አያውቅም። ግን ቧንቧ ነው።»

ኪራዩ ከደመወዟ ግማሽ ለመድረስ ጥቂት የቀረው ነው። ለዚህ ዋጋ ሲባል መስኮቱን ከፍታ አየች፤ ትይዩ ያለው ግድግዳ በጣም ቅርብ ስለሆነ አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ ቀለም ሊቀባው ይችላል። አስቤበት እደውላለሁ አለቻቸው። ደረጃውን ስትወርድ የሰው ወሬ ከወዲሁ ተሰማት፤ «የአባቷ ቤት እያለላት!» በእርግጥም ቤት አላት። ክፍል አላት። የጎደላት ክፍል ሳይሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አባቷ አንድ ቀን፣ ወንድሟም ሚስቱም እየሰሙ፣ «የእሷ ነው» ቢሉ የደመወዟን ግማሽ ለአንድ አምፖልና ለአንድ ቧንቧ የምትሰጥበት ምክንያት አልነበረም።

ከምሳ ተመልሳ ሥራዋን የጨረሰችው ይህን እያሰበች ነው፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው። ሁለት ትዕዛዞች ናቸው፤ አንዱ ለእንግዳው ሰባትን ይሰጣል፣ ሌላው በባለቤቱ ሰሌዳ ላይ ሰባትን ይጽፋል። ሁለቱም የሚሠሩት ትዕዛዙ በወጣበት ቤት ላይ ብቻ ነው፤ ስለ ጎረቤት ማዘዝ አይቻልም። ይህን የሽማግሌው ሚስት ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ግን ጠዋት ያየችው ቀዳዳ ዓይኗ ላይ ተለጥፎ ነበርና ሁለቱንም ትዕዛዞች ከባለቤቱ፣ ከጡረተኞች መዝገቡ ቤት ሆና አዘዘች። ሽማግሌው አልተከራከረም። ሰሌዳውን ጻፈ፤ ሰባትንም ለራሱ ለባለቤቱ አጠለቀለት። የመዝገቡ ቤት እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ቁጥሩ አራት ነበር፤ በአራትነቱ አበል ወደሚከፍለው ፕሮግራም ቤት ሲገባ ሲወጣ የኖረ ነው። ሰባት ሆኖ ሲሄድ ደጅ ላይ «አናውቅህም» ተባለ።

ስልኩ ጮኸ። ከላይ፣ ከመክፈያ መስኮቶቹ ነው፤ ወረፋው ቆሟል፣ አንድ አዛውንት ደግሞ ከዘራቸውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው አልሄድም ብለዋል። ኦፕሬተሯ በመስታወቱ ወዲያ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሣች። ኃላፊው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ፤ ወንበር አልሳበም።

«ምን ሆነ?»

«ለእንግዳው መስጠት የነበረብኝን ቁጥር ለባለቤቱ ሰጠሁት» አለችው፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «ባለቤቱ አሁን በገዛ ሰፈሩ እንግዳ ሆኗል። እየመለስኩት ነው።»

«አንቺ? አንቺ ትሳሳቻለሽ?»

«ዛሬ ተሳስቻለሁ። ሁለቱን ነገር ከአንድ ቤት ሆኜ ላዝዝ ሞከርኩ። አይቻልም። እንግዳው በእንግዳው ቤት፣ ሰሌዳው በባለቤቱ።»

ለመዝገቡ አራትን መለሰችለት፤ ወደ ሪፖርቱ ቤት ገብታ ለሪፖርቱ ሰባትን ሰጠችው። ወረፋው ተንቀሳቀሰ፤ አዛውንቱ ከዘራቸውን አነሡ። ኃላፊው ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና፣ «አንድ ብትሰጪው ኖሮ እኮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለ። እውነት ነው። አዎ አለችው። ቁጥር አንድ የተሰጠው ነገር ችግር የሚያመጣው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ለዚህም ነው የሚወደደው። በስምንት ሰዓት የቦርዱ አባላት መጡ፤ ሪፖርቱ ገባ፣ አነበበ፣ ወጣ። አባላቱ ሪፖርቱ ላይ ያለውን የሥዕላዊ መግለጫ ቀለማት አመሰገኑ፤ አንደኛዋ አረንጓዴው ይደምቅ አሉ፤ ሄዱ።

ወደ ቤት ስትመለስ አንድ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ጋ ቆመች። የበር ቁልፍ ጠየቀች። ሻጩ አንዱን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ «ይኼ ሦስት መክፈቻ አለው። አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይሰበራል፣ አንዱ ያገለግላል» አላት። ዋጋው የሦስት ቀን ምሳዋ ነው። ቀደም ሲል ቢሆን ቤት ገብታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ራሷ ትገጥመው ነበር፤ ነገ ጠዋትም ሌላ ቀዳዳ ታገኛለች። ስህተቷ ገባት። ባለፈው ሳምንት በሩን የቆለፈችው ከክፍሏ ሆና ነው፤ ከዚያ ሆና ማዘዝ የምትችለው በራሷ ላይ ብቻ ነው። ይግባ አይግባ የሚባለው አባቷ ሰሌዳ ላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በሕይወት ዘመናቸው ምንም አልጻፉበትም።

ሳሎን ውስጥ ሦስቱም ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ካርቶኑንና ካቻቪቴውን አባቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠች። «አባባ፣ እርስዎ ይግጠሙልኝ።» ወንድሟ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ፤ ከፍ ማድረግ የፈለገ ነበር የሚመስለው። አባቷ ካርቶኑን ገልብጠው አዩት፣ ዋጋውን ፈለጉት፣ አላገኙትም። ከዚያ ተነሡ። መተላለፊያው ላይ ትራስ አስቀምጠው ተንበረከኩ። ቁልፉን ከማሸጊያው አወጡ፣ ብሎኖቹንም አንድ በአንድ መደርደሪያው ላይ በመስመር ሰደሩ። ወንድሟ በሕይወቱ ብሎን ሰድሮ አያውቅም፤ እሱ የነቀለው ነገር ሁሉ ሶፋ ሥር ነው የሚገኘው።

«ጠዋትም እርስዎ ነዎት» አለች።

አባቷ ካቻቪቴውን አዞሩ። «እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ወንድምሽ በሩን ሊገነጥለው ነበር። በር ውድ ነው።»

«ሊገነጥል ሲል ተው አይሉትም ነበር?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ብሎን አሰሩ። «ከሱ ጋር ከመነጋገር ቁልፉን መንቀል ቀለለኝ» አሉ። አባቷ አራተኛውን ብሎን ሲያስገቡ ከጎናቸው ተንበርክካ መብራት ያዘችላቸው። ወንድሟና ሚስቱ የሳሎኑ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ቁልፉ ዞረ፤ ቀጭ አለ። አባቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«አባባ፣ እንግዲህ ይናገሩ» አለች።

«ምን ልናገር?»

«የማን ክፍል እንደሆነ።»

አባቷ መዳፋቸው ላይ ያሉትን መክፈቻዎች አዩ። ሰው ያላሰበው ዕድል ሲያገኝ እንደሚያደርገው ፊታቸው ፈታ አለ። አንዱን ለእሷ ሰጡ። አንዱን ለወንድሟ። አንዱን ለሚስቱ። «ሦስት ነው፤ ደህና ቁልፍ ነው የገዛሽው» አሉ። «በሩም ይቆለፋል፣ ማንም አልተከለከለም። አለቀ።» ወንድሟ፣ «አባት ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ መክፈቻውን ከመኪናው መክፈቻ ጋር አሰረ፤ መኪናውን ከሸጠ ቆይቷል፣ መክፈቻው ግን አለ። ሚስቱ የራሷን መክፈቻ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተች። በአንድ እጅ ሦስት ጊዜ ቁጥር አንድ ማደል ሽማግሌው እንኳን አይችልም።

መተላለፊያው ላይ እንደቆመች ስልኳን አወጣች። «እትዬ፣ ጠዋት... አይ፣ ምሳ ሰዓት የመጣሁት ነኝ። ክፍሉ አለ?... አዎ። አዎ፣ የርስዎ መክፈቻ እርስዎ ጋ ይሁን። ለቧንቧው።» ከዚያ እጇን ታጥባ ራት ቀረበች።

ሾርባው ግማሽ ላይ ሲደርስ ተናገረች። «ነገ ዕቃዬን አወጣለሁ። ክፍል ተከራይቻለሁ።»

«በቁልፍ ምክንያት?» አለ ወንድሟ። «ሰው በቁልፍ ምክንያት ከቤቱ ይወጣል? ጎረቤት ምን ይላል?»

«እታለም፣ ቀለድሽ በይ» አለች ሚስቱ፤ ፊቷ ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር፣ ዓይኗ ግን ቁም ሳጥኑ ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን መለካት ጀምሯል። «እንግዲያውስ የካውያውን ጠረጴዛ ሁለተኛ አላጥፈውም፤ እዚያው እንደተዘረጋ ይደር።»

አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ፣ በዳቦው አልፈው፣ ወደ ወንድ ልጃቸው ዘረጉ። «መክፈቻውን አምጣ።»

«የቱን?»

«የሰጠሁህን። አንቺም አምጪ።»

«አባባ፣ ባዶ ክፍል እኮ ነው የሚሆነው!» አለች ሚስቱ።

«ለዚያ ነዋ» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ግን በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀዘቅዝ የወጣ የመጀመሪያ ነገራቸው ነበር። ወንድሟ መክፈቻውን ከመኪናው መክፈቻ ለመፍታት ቀለበቱን በጥፍሩ ሲታገል ሁሉም ጠበቁት። ሚስቱ ፊቷን አዙራ ከደረቷ አወጣች። አባቷ ሁለቱን መክፈቻዎች ሳህናቸው አጠገብ አስቀመጡና፣ ማንንም ሳያዩ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «የእሷ ክፍል ነው» አሉ። «ማንም አይገባበትም። እስክትመጣ ተቆልፎ ይጠብቃታል።»

ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ለራሱ ያወራል። ልጅቱ አባቷን አየች፤ እሳቸው ሾርባቸውን አዩ። አንድ ሌሊት ቀድሞ ቢሆን ያቺ ዓረፍተ ነገር የደመወዟን ግማሽ ታድንላት ነበር።

«ያንቺን ደግሞ» አሉ አባቷ ማንኪያቸውን እያነሡ፣ «ነገ ስትወጪ ትሰጪኛለሽ።»

«እሺ አባባ» አለችና ዳቦውን አቀበለቻቸው።